ልጁን ጫት ግዛ ብለን የላክነው እኛ ነን

በጅጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በተፈሪ በር፣ በቶጎ ውጫሌና በሽኒሌ ላላችሁ የዕድሜ እኩዮቼ፤ ለሽማግሌዎች፣ ለሼኾችና እንደ እኔ ጠመኔ ላስቀመጣችሁ መምህራን።

ነገሩን ሳላለዝብ ልናገር። ልጆቻችን ስለ ጫት፣ ስለ ኪኒንና ስለ ሺሻ የሚያስተምራቸው ሰው አጡ እያልን እናማርራለን። አላጡም። ሲማሩ ኖረዋል፤ ያስተማርናቸውም እኛ ነን።

ከአወዳይ የተነሣው የጫት መኪና ባቢሌን አልፎ፣ ካራማራን ወርዶ ከተማ ሲገባ ሁላችንም ሰዓቱን እናውቃለን። ሹፌሩ የሚበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጠሉን ጫት ያሰኘው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ የዘገየ ጫት ገዢ የለውም። ሴቶቹ ዙርባውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ጠረጴዛቸው ላይ ይደረድራሉ። በዚያች ሰዓት፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ክፍል መግባት ሲገባው፣ አንድ ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ ብሩን ጨብጦ ከጠረጴዛው ፊት ቆሟል። ጆንያውን ገለጥ አድርጎ ያያል። የዛሬውን ከትናንቱ፣ ለጋውን ከጠናው ይለያል። ቀንበጡን በጣቱ ቀጨም አድርጎ ይሞክረዋል፤ ካልተስማማው ሌላ አምጪ ይላል። ይህን ሙያ ከየት አመጣው? ሻጯ ዕድሜውን አትጠይቀውም። የማን ልጅ እንደሆነና ለማን እንደሚገዛ ታውቃለችና።

ይዞልን ሲመጣ ደግሞ አናሰናብተውም። የደም ካሳ ወይም የግጦሽ ጠብ ለመዳኘት ተቀምጠን ሳለ ፔርሙዙን የሚያመላልሰው፣ ሻዩን የሚቀዳው፣ ሲመሽ ገራባውን የሚጠርገው እሱ ነው። ከገራባው አንዲት ቀንበጥ አንሥቶ አፉ ውስጥ ሲከት አይተን፣ ስቀን ያለፍን ስንቶቻችን ነን?

ትምህርት ቤትስ ምን ይነግረዋል? ስለ ሄሮይንና ስለ ኮኬይን ይሰማል፤ እነዚህን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ያለው ቅጠል ግን ወይ ስሙ አይነሣም፣ ወይ «ጫት ያሳብዳል» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። ልጁ አባቱን ያያል። አባቱ 30 ዓመት ቅሟል፤ አላበደም፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ የሚያከብረው ሽማግሌ ነው። ልጁ መምህሩ ዋሽቶኛል ብሎ ይደመድማል። እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ድምዳሜ ነው። ነገ ያው መምህር «ይህችን ኪኒን አትንካ» ሲለው ያንንም ውሸት አድርጎ ይወስደዋልና።

ስለዚህ እውነቱን እንዳለ እንንገራቸው። ካቲኖን በባሕርዩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። እንቅልፍንና ረሃብን ያባርራል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ለጥቂት ሰዓት ሐሳብን ያፈጥናል። በማግስቱ ድካሙ፣ ብስጭቱና ሀራራው፣ ሌሊት ደግሞ ዱካኩ ይመጣል። የሚቅም ሁሉ አያብድም፤ ይህንንም አንደብቃቸው። ነገር ግን በእኛ ከተማ የሚያልፈውን ጫት በምትቅመው በሐርጌሳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት በልጅነት መጀመርና ከልክ በላይ መቃም ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ለልጅ የሚነገረው እውነት ይህ ነው፦ አደጋው የሚከፋው ቀድሞ በጀመረውና በብዛት በሚቅመው ላይ ነው። ይህን ሲሰማ አባቱን አይቶ ውሸት ነው ሊል አይችልም።

«አባቶቻችንስ ቅመው የለ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ቅመዋል። ጫት በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ሳይቀር ተጠቅሷል፤ ይህ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ነገር ግን በሠርግ፣ በዱዓና በሽምግልና ይቅሙ የነበሩት ያደጉ ሰዎች ናቸው እንጂ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከነደብተሩ መቃሚያ ቤት አይገባም ነበር።

አሁን ለጥናት ነው ይሉናል፤ እኛም ለጥናት ከሆነ ብለን ዝም እንላለን። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ መሰጠት መጀመሩን አትዘንጉ። ወራቱን ሁሉ በምርቃና ያጠና ልጅ በፍተሻ አልፎ ግቢ ሲገባ ቅጠሉ ውጭ ይቀራል። ያጠናው ሁሉ በሚፈለግበት ቀን ዓይኑ ይከደናል፣ ራሱ ይከብደዋል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ይህን አስቀድሞ የነገረው አለ?

ወደ ኪኒኑ ልምጣ፤ ከቅጠሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነውና። ትራማዶል ጥሩ መድኃኒት ነው። አጥንቱ የተሰበረ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሐኪም አዝዞለት ሲወስደው ሕመሙ ይቀልለታል። ልጆቹ ይህን ጥቅሙን ከእኛ አፍ አስቀድመው ይስሙ። ከዚያ ሌላውን እንንገራቸው። በሌላው የአገራችን ክፍል ምርቃናውን በአልኮል የሚሰብረው ብዙ ነው፤ ጨብሲ ይሉታል። በእኛ ከተሞች መጠጥ ነውር ነው፣ አፍም ያሸታል። ስለዚህ ልጁ ምርቃናውን በኪኒን ይሰብራል። ኪኒን አይሸትም፤ እናት ልጇን ስታቅፈው ምንም አታውቅም። ትራማዶል የሞርፊን ቤተሰብ ነው። መጠኑ ሲያልፍ ትንፋሽን እያዘገየ ሊያቆም ይችላል፤ እንደ ዳያዜፓም ካለ ማስተኛ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ይብሳል። የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቀውን ወጣት እንኳ አንዘፍዝፎ ሊጥለው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ጂን ነው ብለን ቤት ዘግተን እንቀመጣለን። ቁርኣን ይቀራለት፤ እኔም አብሬ አሚን እላለሁ። መጀመሪያ ግን ወደ ካራማራ ወይም ወደ ሼክ ሐሰን የበሬ ሆስፒታል ይሂድ፤ ኪሱ ውስጥ የተገኘው ስትሪፕም አብሮ ይሂድ፣ ሐኪሙ የዋጠውን እንዲያውቅ።

ስለ ተራው መድኃኒትም እናንተው ራሳችሁን ጠይቁ። ሳል በያዘን ቁጥር ከሱቅ ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን እንገዛለን፤ ሲሻለን የቀረውን ለጎረቤት ልጅ እንሰጣለን። በየመናውያን ላይ የተደረገ ጥናት ጫት እየቃሙ የሚወስዱት አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም እንደሚቀንስ፣ የአሞክሳሲሊንም በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መድኃኒቱ አልሠራም ብለን ጠንከር ያለ እንፈልጋለን። ልጁም መድኃኒት ማለት ያለ ሐኪም፣ ያለ ልክ፣ በፈለጉት ጊዜ የሚዋጥ ነገር መሆኑን ከእኛ ይማራል። ትራማዶሉን የሚውጠው በዚያው ትምህርት ነው።

ይከልከል የምትሉ አላችሁ። በሶማሊያ ሲያድ ባሬ በ1983 እ.ኤ.አ. ከለከለ፤ በ2006ም የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ከለከለ። ቅጠሉ ሁለቱንም አልፎ ዛሬም በውጫሌ በኩል ይሻገራል። የብዙ እናት እንጀራ በዚያች እርጥብ ጆንያ ሥር ነው፤ አገሪቱም ከጫት ንግድ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ታገኛለች። ሻጯን ማባረር ልጁን አያድነውም። በሌላው በኩል ግን ሕጉ ባለበት እንኳ አልተጠቀምንበትም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻን ይከለክላል፤ ሲጋራና አልኮልም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ያዝዛል። ይህን አዋጅ በመስጊድ ደጃፍም ሆነ በወላጆች ስብሰባ ያነሣ ሽማግሌ አላጋጠመኝም።

ለወላጅና መምህራን ስብሰባ ስንጠራ ለሴቶች ትተን እንቀራለን፤ ሰዓቱ የበርጫ ሰዓት ነዋ። የሚቀጥለውን ስብሰባ ጠዋት እንዲያደርጉት ርእሰ መምህሩን ጠይቁና ሄዳችሁ ተቀመጡ። የጤና ባለሙያና ፋርማሲስት ይጠሩ፤ በሶማሊኛም በአማርኛም ልጆቹ ፊት ይናገሩ፤ ልጆቹም ሳይፈሩ ይጠይቁ። ከእናንተ አንዱ ተነሥቶ ስለ ማግስቱ ድካም፣ ስለ ዱካኩ፣ ለቅጠል ስለወጣው የቤት ወጪ በራሱ አንደበት ይንገራቸው። ከሽማግሌ የሰሙትን ቤታቸው ሄደው ማጣራት ይችላሉና ያምኑታል።

እስከዚያው ግን መቃም ያልተዋችሁ ጫታችሁን ራሳችሁ ሄዳችሁ ግዙ። ሻዩንም ራሳችሁ ቅዱ። ልጁ በዚያች ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን አለበት፤ ካልሆነም ስለቀረበት ምክንያት ከመምህሩ በፊት እኛ እንጠየቃለን።