የአዳሚ ቱሉ ወጣት ያጣው ሥልጠና አይደለም

ከባቱ ተነሥቶ በአዳሚ ቱሉ ወደ ቡልቡላ የሚወርደውን የሐዋሳ መንገድ የሚያውቅ ሁሉ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ ያውቃል። ከሰሉ ግራር ነው፤ ከአክሳዮቹም ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። በዚህ አገር ለወጣቱ ከዛፍ የሚገኝ ገቢ አለ ከተባለ በተግባር ያለው ይኸው ነው። ስለ ወጣቶችና ስለ ደን ጥበቃ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ግን ከዚህ እውነት አይነሡም። የሚነሡት "ወጣቱ የደንን ጥቅም አያውቅም" ከሚል ግምት ነው። ግራር ሥር ፍየል ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ጥላውን፣ ፍሬውን፣ እሾሁን ከማንም በላይ ያውቃል። ግምቱ ስለተሳሳተ መፍትሔውም አብሮ ይሳሳታል።

መፍትሔው በየቦታው አንድ ዓይነት ነው። ወጣቶች ተመርጠው ለጥቂት ቀን አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ አበል ይቀበላሉ፣ ሰርተፍኬት ይዘው ይወጣሉ፣ በማኅበር ይደራጃሉ፣ ክረምት ሲገባ ጉድጓድ ቆፍረው ችግኝ ይተክላሉ። ሪፖርቱ ላይ የሠልጣኙና የችግኙ ቁጥር ይሰፍርና የሥራ ዕድል ተፈጠረ ይባላል። የጥቂት ሳምንት ቁፋሮ ሥራ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? ትዳር ለመያዝ፣ እናቱን ለመጦር የሚያስብ ልጅ ነሐሴ ላይ ተከላው ሲያልቅ ወዴት ይሂድ? ወደ አበባ እርሻው፣ ወደ አሸዋ ጭነቱ፣ አለዚያም ወደ ከሰሉ ይመለሳል።

ብድርም አያወጣውም። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ የታሰበው ተበድሮ፣ ሠርቶ፣ ቶሎ ለሚመልስ ነው። በግ በወራት ይደልባል፤ ግራር ለጥቅም እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል።

ዘመቻው ደግሞ ከአገሩ አየር ጋር አይገናኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን ተተከለ ሲባል ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል፤ ደስ ሊለንም ይገባ ነበር። አዳሚ ቱሉ ግን ደጋ አይደለም። የዓመት ዝናቡ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም መስከረም ላይ ያበቃል። አሸዋማው አፈር ውኃ አይዝም። እህሉ ሲሰበሰብ ከብቱና ፍየሉ በየማሳው ይለቀቃል። የችግኙ ዕጣ የሚወሰነው እንግዲህ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። በእነዚህ ወራት ውኃ የሚያጠጣ፣ ከብት የሚመልስ፣ መጥረቢያ የያዘ ሰው ሲመጣ የሚከላከል ሰው ያስፈልጋል። ገንዘቡ ግን ሐምሌ ላይ ተከፍሎ አልቋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ብዙው ተከላ ጨርሶ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። ግራር ተቆርጦ አይጠፋም፤ ከብትና መጥረቢያ ካልደረሰበት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ አፈር ውስጥ ከተኛው ዘርም ይበቅላል። ሩቅ ሳንሄድ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ፣ ወላይታ ሁምቦ ላይ ታይቷል። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ገብቶ ተከለለ፤ አብዛኛው ያገገመው ከነባሩ ጉቶ በወጣ ቀንበጥ ነው። ሥራው ቀንበጥ መምረጥ፣ መገረዝና መጠበቅ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የካርቦን አሠራር ተመዝግቦ ማኅበራቱ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አገኙ።

በሁምቦ ሰው የጠበቀው የራሱ ስለሆነ ነው። በኒጀርም እንዲሁ ነበር። ዛፉ ሁሉ የመንግሥት ተብሎ ሲቆጠር ገበሬው ማሳው ውስጥ የበቀለውን ሁሉ ይመነጥር ነበር፤ የሚጠቀምበት እሱ መሆኑን ሲያምን ግን ከነባር ጉቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክታር አለማ። በእኛም አገር በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን ባለቤትነት በግልጽ ያውቃል። ሕጉ አለ። የአዳሚ ቱሉ ወጣት የጎደለው "ይህ ቁጥቋጦ ከዚህ ወሰን እስከዚያ ወሰን ለሃያ ዓመት የእናንተ ነው፤ ጠብቁት፣ ተጠቀሙበት" የሚል ካርታና ፊርማ ነው።

"ለወጣቱ ከተሰጠ ጨፍጭፎ ይሸጠዋል" የሚሉ አሉ። ባለቤት የሌለው ደን ዛሬ እየተጨፈጨፈ አይደለም ወይ? የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ ከተቋቋመ ጀምሮ በጥበቃ ሥር ነው ይባላል፤ ግራሩ ግን ለከሰልና ለእርሻ ሲመነጠር ኖሯል። በአዳባና ዶዶላ ግን ዋጂብ የሚባሉት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ቢበዛ ለሠላሳ አባወራ፣ ለእያንዳንዱ 12 ሄክታር በሚል ስሌት ደን ተረክበው፣ የደኑ ሽፋን እንዳይቀንስ ውል ገብተው፣ ኪራይ እየከፈሉ ይጠብቁት ጀመር። መብቱም ግዴታውም በአንድ ወረቀት ላይ ነበር።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። መሬቱ ሲከለል በጋ ላይ ከብቱን የሚያሰማራው አባት፣ ጭራሮ የምትለቅመው ሴት ምን ይሆናሉ? መልሱ እነሱን ከውሉ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሣሩን አጭዶ መውሰድ፣ የደረቀውን እንጨት መልቀም፣ የግራሩን ፍሬ ለፍየል ማርገፍ እንዲችሉ። እነሱ ካልተስማሙ አጥሩ አንድ በጋ አይቆይም።

ሥልጠና የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ነው። በባህላዊው የአፈር ክምር ከመቶ ኪሎ እንጨት የሚወጣው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው፤ የተገረዘውን ቅርንጫፍ በተሻለ ምድጃ በሕጋዊ ፈቃድ ማክሰል፣ የማኅበሩን ሒሳብ መያዝ፣ የቀንበጡን ዕድገት መለካት ትምህርት ይፈልጋሉ። ደመወዙም በተተከለው ሳይሆን ሦስት በጋ አልፎ በቆመው ዛፍ ቁጥር ይከፈል። ወረዳው በሚቀጥለው በጀት ዓመት ለሥልጠና ከያዘው ገንዘብ ከፊሉን ወሰን ለመለካትና ውል ለመፈረም ያውለው፤ ችግኝ ሳይገዛ፣ ባለው ጉቶ በአንድ ቀበሌ ይጀምር።