«ቧሂትን አሸነፍን» ለምትሉ

ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ያው ፎቶ ነው። ቀይ ጃኬት፣ የተዘረጋ እጅ፣ ከኋላ የስሜን ገደል፤ ከሥሩ «ቧሂትን አሸነፍን!» የሚል ጽሑፍ። ኧረ ማንን ነው ያሸነፋችሁት?

ተራራ የሚታለፍበትን ቦታ አማርኛችን «በር» ይለዋል። ጣርማ በርን ታውቁታላችሁ። በር ደግሞ ሰው ይገባበታል፣ ይወጣበታል። የቧሂቱም እንደዚያው ነው። የጃናሞራ ገበሬ ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ እህል የጫነች አህያውን እየነዳ ሲያልፍበት አይቻለሁ። እኛ በየሃያ እርምጃው ቆመን ስናለከልክ «አይዟችሁ» ብሎን ሄደ። ፖስት ያደረገ አይመስለኝም።

ጉዞው እንግዲህ ይታወቃል፤ በ3,600 ሜትር ግድም ጨነቅ ማደር፣ ሲነጋ ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለው በር መውጣት። ቦርሳውን የምትሸከመው በቅሎ ናት። ሌሊት ጓሳው ላይ ውርጭ ይጋገራል። እኛ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ካልሲ ደርበን ስንንቀጠቀጥ፣ ባለ በቅሎው ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳት ዳር ቁጭ ብለዋል።

«አባባ፣ ድንኳን የለዎትም እንዴ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ልጄ፣ በቅሎዬ ትሸከመዋለች እንጂ እኔ አልተኛበትም።»

«ሥራቸው ነው፣ ይከፈላቸዋል» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ለበቅሎዋና ለመንገዱ ይከፈላቸዋል። ብርዱ ግን ሒሳቡ ውስጥ የለም። ለጃኬትና ለጫማ ያን ሁሉ ብር ያወጣ ልጅ፣ ለሰውዬው ማደሪያ ሲባል «በጀት አለቀ» ይላል። ይሄ የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ ንቀት ነው።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ» የምትሏት። እዚያው ፓርክ ውስጥ ግጭ የሚባል መንደር ነበር እኮ! ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲነሱ ተደረገ። ከ1996 ጀምሮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶት የነበረው ዩኔስኮም በ2017 አወጣው። መነሳታቸው ለዋሊያውና ለሣሩ ጠቅሞ ይሆናል፤ በዚያ አልከራከርም። ሰው አርሶ፣ ወልዶ፣ ቀብሮ የኖረበትን ሜዳ ግን ማንም እንዳልነበረበት አድርጎ መጻፍ ውሸት ነው። ደግሞ ከዚህ ውሸት ጋር የባለ በቅሎው አለመታየት አንድ ነው፤ ፎቶው እንዲያምር ሰዉ ከፍሬሙ ይወጣል።

ስለዚህ ጉዞ የምታዘጋጁ ልጆች፣ ዋጋ ስትቆርጡ ለስካውቱ፣ ለአብሳዩና ለባለ በቅሎው ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ደምሩ። ለአሥር ሰው ሲካፈል የአንድ ቅዳሜ ማታ ወጪያችሁን አይሞላም። ተጓዦችም ብር ከማስገባታችሁ በፊት ደውሉና «ባለ በቅሎው የት ነው የሚያድሩት?» በሉ። አዘጋጁ ከተንተባተበ ሌላ ፈልጉ።