ውሻው ሳይታይ ወረቀቱ አይነበብ

ቅዳሜ ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ወዳጄ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ውሻዬ ዶሮም፣ የበሬ ሥጋም፣ ሩዝም አይስማማውም ተባልኩ፤ ታዲያ ምን ላብላው?» ውጤቱ የመጣላት በፖስታ ከላከችው ምራቅና ፀጉር ነው። ውሻውን ያየው የእንስሳት ሐኪም የለም።

የምርመራ ወረቀትን እንዲህ ማምለክን እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ምርመራ ከእውነተኛ ውሾች ናሙና ጋር የአሻንጉሊት ፀጉር ጨምረው ላኩ። የታመመው፣ ጤነኛውና አሻንጉሊቱ በውጤት አልተለያዩም። ከዚህ በኋላ ይህን ምርመራ መሸጥ ነውር ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የደም ምርመራ ግን ሌላ ነው፤ አከብረዋለሁ። አይጂኢ የተባለውን አንቲቦዲ ይለካል፤ የውሻው ሰውነት የአቧራ ተባይን፣ የአበባ ብናኝን ወይስ ሻጋታን እንደሚቃወም ይጠቁማል። ነገር ግን ምንም የማያሳክከው ጤነኛ ውሻ ደም ውስጥም ይኸው አንቲቦዲ ይገኛል። ይባስ ብሎ፣ እከክ የያዘው ውሻ የቤት አቧራ አለርጂ ያለበት መስሎ ሊወጣ ይችላል፤ የእከኩና የአቧራው ተባዮች ዘመዳሞች ናቸውና አንቲቦዲው አይለያቸውም። የእከክ መድኃኒት የሚያድነው ውሻ ለወራት የአለርጂ መርፌ ሲወጋ አስቡት።

ስለዚህ ቁንጫው ይታይ፣ እከኩ ይታይ፣ የቆዳው ባክቴሪያና ፈንገስ ይታከም። ምግብ ከተጠረጠረ መልሱ ደም ውስጥ አይገኝም። ስምንት ሳምንት ያህል ቀምሶት የማያውቀውን ሥጋ እየመገቡ፣ ኋላ የቀድሞውን መልሶ ሰጥቶ ማየት ነው። አድካሚ ነው፤ ግን እውነቱን የሚነግረው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ታልፎ አለርጂው በሐኪም ሲረጋገጥ፣ ያኔ የደሙ ምርመራ ሰውነቱን ቀስ በቀስ የሚያለማምደውን መርፌ ለማዘጋጀት ይጠቅማል።

«ለውሻ ይህን ያህል?» የሚለኝ አይጠፋም። ሌሊቱን ሙሉ እግሩን ሲልስና ሲያክክ የሚያድር እንስሳ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ደግሞም ነገሩ ውሻ ላይ አያበቃም። አይጂጂ የተባለውን ሌላ አንቲቦዲ ለክተው «ልጅሽ ወተትና እንቁላል አይስማማውም» የሚሉ አሉ። ያ አንቲቦዲ የሚያሳየው ልጁ ምግቡን መብላቱን ነው፤ የአሜሪካ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበርም ምርመራውን አይመክርም። እናቶች ግን በዚያ ወረቀት የልጃቸውን ገበታ ያራቁታሉ።

እባካችሁ፣ ውሻም ይሁን ልጅ፣ በወረቀት ብቻ ምግብ አትከልክሉ። መጀመሪያ ሐኪም በእጁ ይመርምረው።