ውስኪ በአገሩ፥ ጠጅም በአገሩ

ለትምህርት ወይም ለሥራ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወጣት፥ ከሄደበት አገር ምግብና መጠጥ ጋር መተዋወቁ የሚያስነቅፈው አይደለም። ልኩን ዐውቆ እስከ ጠጣ ድረስ፥ ሙኒክ ላይ ቢራን፥ ስኮትላንድ ላይ ውስኪን መቅመስ የአገሬውን ሰው ጠባይና ሙያ ማወቂያ አንዱ መንገድ ነው። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይባል የለምን?

ነገር ግን ከጣዕሙ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፥ መጠጡ ስሙን እንዴት እንደ ጠበቀ ነው። የባየርን መሳፍንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1516 ባወጡት ደንብ፥ ቢራ ከገብስ፥ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት ከልክለዋል። በስኮትላንድም በዚያው አገር ተጠምቆ፥ በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ያልቈየ መጠጥ «ስኮች ውስኪ» ተብሎ ሊሸጥ ሕግ አይፈቅድም። መንገደኛው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚህ እምነት ጭምር ነው።

አሁን ወደ አራዳ እንመለስ። የውጭ አገር እንግዳ ፒያሳ ላይ «የአገራችሁ መጠጥ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ብዙዎቻችን ያከበርነው መስሎን ውስኪ እናዝዝለታለን፤ እርሱ ግን ውስኪውን ከቤቱ ትቶት መጥቷል። በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተውን የጊዮርጊስን ቢራ ብንጋብዘው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የቢራው ሙያ ራሱ ከአውሮፓ የመጣ ነው። በብርሌ የሚቀዳው ጠጅና ከብቅል ከጌሾ የሚጠመቀው ጠላ ግን የእናቶቻችን ሙያ ናቸው። ሆፕስ ለቢራ ምሬት እንደሚሰጠው ሁሉ፥ ጌሾም ለእነዚህ ይሰጣቸዋል።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ጠጅ ማለት ማር፥ ውሃና ጌሾ ሆኖ ሳለ፥ በማሩ ፈንታ ስኳር ገብቶበት በጠጅ ስም የሚሸጥ አለ። ይህም የሚሆነው በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ በሆነች አገር ነው። ማር መወደዱ እውነት ነው፤ ሻጭም ትርፍ ሊያገኝ ይገባዋል። ቢሆንም የስኳሩን የስኳር፥ የማሩን የማር ብሎ በየዋጋው መሸጥ ማንንም አያከስርም።

እንግዲህ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የምታረቅቁ ወጣቶች፥ ከውጭ አገር ስትመለሱ ጠርሙሱን ብቻ ሳይሆን የደንቡንም ትምህርት ይዛችሁ ኑ። እስከዚያው ግን ጠጅ ቤት ስንገባ «ይህ የማር ነውን?» ብለን መጠየቅን ልማድ እናድርገው። ጠያቂ ጠጪ ካለ፥ ጠጅ ጣይዋም ትጠነቀቃለች።