«እንዲህ ቢሆን ኖሮ»፦ ከኅዋ ግዛቶች እስከ እምባቦ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚወዱ ተማሪዎች ከሚያዘወትሯቸው የአእምሮ ጨዋታዎች አንዱ በኅዋ ውስጥ ያሉ ምናባዊ ግዛቶችን ወዳጅነትና ጠላትነት ማገላበጥ ነው። እነዚህ ከእነዚያ ጋር ባይዋጉ ኖሮስ? የትናንት ባላንጣዎች ቃል ኪዳን ቢገቡስ? ብዙ ሰዎች ይህን የሥራ ፈት ወሬ አድርገው ይመለከቱታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ጨዋታው ሕግ እስካለው ድረስ ጥሩ የሳይንስ ልምምድ ነው። ልምምዱን በገዛ አገራችን ታሪክ ላይ ለመሞከር ደግሞ ከወለጋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

በመጀመሪያ የጨዋታው ሕግ ምን እንደሆነ እንመልከት። «ስታር ትሬክ» ከተባሉት ተከታታይ ፊልሞች መካከል እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1999 በታየው «ዲፕ ስፔስ ናይን» ውስጥ ክሊንጎኖች ካርዳሺያኖችን ይወርራሉ፤ ካርዳሺያኖችም ዶሚኒየን ከተባለው ኃያል ግዛት ጋር ይወግናሉ። በዚያው ተከታታይ ፊልም ውስጥ ግን ሁሉ ነገር የተገለበጠበት ሌላ ዓለም አለ። ይህ ዓለም መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ በዚያ የሰው ልጆች ጨካኝ ግዛት መሥርተዋል። ስፖክ የተባለው መኮንን አንድ ምክር ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1994 የቀረበው ታሪክ እንደሚነግረን ስፖክ ለሥልጣን በቅቶ ግዛቱን አሻሻለ፤ ጦሩንም ቀነሰ። በዚህ ጊዜ ክሊንጎኖችና ካርዳሺያኖች ተባብረው የተዳከመውን ግዛት ገለበጡት።

ደራሲዎቹ ሁሉንም ነገር እንዳሻቸው አልቀየሩም። አንድ ነገር ለወጡ፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱ ወዴት እንደሚያመራ ተከተሉት። ይህም በቤተ ሙከራ ውስጥ ሌሎችን ሁኔታዎች ባሉበት ይዞ አንዱን ብቻ ከመለወጥ ጋር ይመሳሰላል።

ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የሚረዳ ቀላል ሒሳብም አለ። ፍሪትዝ ሃይደር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1946 ያቀረበውን ሐሳብ ካርትራይትና ሃራሪ እ.ኤ.አ. በ1956 በሒሳብ ቋንቋ አስፋፍተውታል። ሦስት ወገኖችን በሦስት ማዕዘን ላይ እናስቀምጥ። ወዳጅነትን በመደመር፣ ጠላትነትን በመቀነስ ምልክት እናመልክት። የሦስቱ ምልክቶች ብዜት አዎንታዊ ከሆነ ግንኙነቱ የተመጣጠነ ነው፤ አሉታዊ ከሆነ ግን አንዱ ግንኙነት እንዲለወጥ ግፊት ይፈጠራል። በጠቅላላው ከሚገኙት 8 አሰላለፎች የተመጣጠኑት 4ቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሦስቱም ወዳጆች የሚሆኑበት ወይም ሁለቱ በአንዱ ላይ የሚያብሩበት ነው። ልብ እንበል፤ ከተመጣጠነ አሰላለፍ ላይ አንዱን ምልክት ብቻ ብንቀይር ሚዛኑ ይፈርሳል። ስለዚህ ወገን የሚቀይር ሁለት ግንኙነቶችን አብሮ መቀየር ይኖርበታል።

አሁን ወደ እምባቦ እንምጣ። በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዓባይ በስተ ደቡብ ባለው፣ በወርቁ፣ በዝሆን ጥርሱና በቡናው በታወቀው አገር ላይ ይፎካከሩ ነበር። የለቃ ነቀምቴው ገዢ ሞረዳ በከሬ ለጎጃም ይገብር ነበር። በግንቦት ወር 1874 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ ነገሥታት በሆሮ ጉዱሩ፣ እምባቦ ላይ ተጋጠሙ። ከሸዋ ወገን በራስ ጎበና ዳጬ የሚመራ ፈረሰኛ ጦር ነበር። ጎጃም ተሸነፈ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ሞረዳ ያለ ጦርነት ለሸዋ ገበረ።

ይህን ውሳኔ አንዱ ክህደት፣ ሌላው ብልኅነት ይለዋል። ሁለቱም ፍርዶች ግን የሌሎቹን አማራጮች ዋጋ ሳይመዝኑ የተሰጡ ናቸው። ሸዋና ጎጃም ጠላት እስከሆኑ ድረስ ለቃ የሁለቱም ወዳጅ ሆኖ የሚቀጥልበት ሚዛን አልነበረም። ከጎጃም ጋር መቆየት ደግሞ ንጉሡ የተማረከበትን ወገን ተስፋ አድርጎ ሸዋን ብቻውን መጋፈጥ ነበር። እንዲህ ያለው እምቢታ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚጠቁም ማነጻጸሪያ አለን። የወላይታው ንጉሥ ጦና በ1887 ዓ.ም. አልገብርም ብለው ሲዋጉ አገራቸው ከባድ ጥፋት ደርሶባታል። በአንጻሩ የገበሩት የጅማው አባ ጅፋርና የነቀምቴው የሞረዳ ቤት የውስጥ አስተዳደራቸውን ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆይተዋል። ማነጻጸሪያው ማረጋገጫ አይደለም፤ ነገር ግን ከስድብና ከሙገሳ የተሻለ መነሻ ነው።

ሦስት ማዕዘኑ የሚፈተነው አራተኛ ወገን ሲገባ ነው። አፄ ዮሐንስ ነገሥታቱ ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ተቆጥተው ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ሁለቱም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲቃቃሩ የሃይደር ሐሳብ እርስ በርስ እንደሚቀራረቡ ይተነብያል። በእርግጥም ከእምባቦ ስድስት ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ፣ የዚያ ጦርነት ባላንጣዎች በዮሐንስ ላይ ተባበሩ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ዓድዋ ላይ በአንድ ወገን ተሰለፉ። በእምባቦ ማግስት ይህን የተናገረ ሰው ቢኖር ማን ያምነው ነበር?

ይሁን እንጂ ምልክት ሁሉን ነገር አይናገርም። በግዳጅ የሚከፈል ግብርና በጋብቻ የታሰረ ወዳጅነት ሁለቱም በአንድ የመደመር ምልክት ይጻፋሉ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በማዕዘኑ ላይ «ለቃ» ብለን ስንጽፍ ገዢውንና ገበሬውን አንድ ማድረጋችን ነው። ጥምረቱ ለገዢው ቤት ሥልጣኑን አቆየለት፤ የወርቁና የዝሆን ጥርሱ ግብር ሸክም ግን በሕዝቡ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ስለዚህ «ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ?» ከማለታችን በፊት «ለማን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

«በታሪክ ውስጥ ‹ቢሆን ኖሮ› ብሎ ነገር የለም» የሚሉ መምህራን አሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ ምናብ በቀላሉ ምኞት ይሆናልና። ነገር ግን «የእምባቦ ድል የወለጋን ዕጣ ወሰነ» ብሎ የሚያስተምር ሰው ድሉ ባይገኝ ኖሮ ዕጣው ሌላ ይሆን ነበር ማለቱ ነው። «ቢሆን ኖሮ» በእያንዳንዱ የምክንያትና ውጤት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። የሚሻለው አውጥቶ መመርመሩ ነው።

ስለዚህ በነቀምቴ፣ በሻምቡ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ያላችሁ ተማሪዎች ሦስት ሕጎችን ይዛችሁ ጨዋታውን እንድትሞክሩት እጋብዛችኋለሁ። አንደኛ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትም በዚያ ዘመን ሊሆን ይችል የነበረ ይሁን። ሁለተኛ፣ ውጤቱ የምትወዱትን ወገን ቢጎዳም እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ሦስተኛ፣ ግምታችሁን በሰነድ ፈትኑ። በነቀምቴ የወለጋ ሙዚየምና የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት በቅርብ አሉላችሁ፤ ተሰማ ታአና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ያሳተሟቸው የወለጋ ታሪክ ሰነዶችም ለንባብ በቅተዋል።

የእምባቦን ሰዎች ከሃዲ ወይም ጀግና ብሎ ለመፈረጅ ብዙ እውቀት አያስፈልግም። ከፊታቸው የነበሩትን መንገዶች ሁሉ ዘርዝሮ የእያንዳንዱን ዋጋ ለመመዘን ግን ትዕግሥትና ማስረጃ ያስፈልጋል። ዛሬም በስማቸው ለምንከራከር ለእኛ ይህ ልምድ ከኅዋ ግዛቶች ጨዋታ በላይ ይጠቅመናል።