ባቄላው ያመጣውን ማን ይወስደዋል?

በመንዝ ደጋ ገብስ የሰለቸውን መሬት ባቄላ ያሳርፈዋል ይባላል። የግብርና ባለሙያውም የተጎዳ መሬት እንዲያገግም ጥራጥሬ ዝሩ ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ወሬው ግን ግማሽ ላይ ይቆማል። መሬቱን የሚያድነው የተዘራው ባቄላ ሳይሆን ከአጨዳ በኋላ ማሳው ላይ የሚቀረው ነው።

ከአየሩ ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ቢሆንም ገብስ በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ባቄላ የሚችለው ሥሩ ላይ ከምትኖረው ራይዞቢየም ከምትባል ባክቴሪያ ጋር ተስማምቶ ነው፤ እሱ ስኳር ይሰጣታል፣ እሷ ናይትሮጅን ትከፍለዋለች። መሥራት አለመሥራቷን ማየት ቀላል ነው። ባቄላው ሲያብብ አንድ እግር በዶማ ተፈንቅሎ ሥሩ ላይ ያሉት እብጠቶች በጥፍር ይሰንጠቁ። ውስጣቸው ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ባቄላውም እንደ ገብሱ ከአፈሩ እየበላ ነው። ፎስፈረስ ባለቀበት፣ በኮመጠጠ ወይም ውኃ በተኛበት መሬት ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በጣም የተጎዳው መሬት ራሱ ባቄላውን ያዳክመዋል ማለት ነው።

ባክቴሪያዋ በደንብ ሠርታለች እንበል። ከናይትሮጅኑ አብዛኛው ፍሬው ውስጥ ገብቶ ጎተራና ገበያ ይሄዳል። ገለባው የበግ ነው፤ ምስርማ ከነሥሩ ተነቅሎ ይሰበሰባል። የቀረውን ቃርሚያ ልቅ ከብት ይጨርሰዋል። እበቱ ወደ ማሳው ቢመለስ ባልከፋ፤ ግን ዛፍ በሌለበት ደጋ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ባክቴሪያዋ ከአየር ያወረደችው ናይትሮጅን በምድጃ ጭስ ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል። ፍሬውም ገለባውም ሲወሰድ የአፈሩ ትርፍ ኢምንት ነው፤ አንዳንዴም ኪሳራ ነው።

የድሮው ሰው መላ ነበረው። በሰሜን ሸዋ ደጋ መሬት ለዓመታት ጦም ያድርና አፈሩ ተከምሮ ይቃጠል ነበር፤ ጓይ ይሉታል። ጓይ ለመጀመሪያው ገብስ አመድና ፍግ ይሆናል፤ ነገር ግን የአፈሩን ናይትሮጅን አብሮ ያነዳል። በጦም አዳሪው ላይ ራሱን ችሎ የሚበቅለው ማገጥ ግን እሱም ናይትሮጅን ሰብሳቢ ነው፤ ማንም ሳያመሰግነው ጉድለቱን ይሞላ ነበር። መሬት ሲጠብ ጦም ማደሩ ቀረ፤ ማገጡም ፋታ አጣ።

በየዓመቱ ባቄላ እንዝራ ማለትም አያስኬድም። ባለፉት አሥርት ዓመታት ቆርምድ የሚሉት በሽታ በሰሜን ሸዋ ደጋ ስንቱን የባቄላ ማሳ አጥፍቷል።

ስለዚህ እኔ ከባቄላው ይልቅ አፈሩን ከሚይዘው እርከን እጀምራለሁ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ በሚባል ቦታ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ የአፈር መሸርሸር ሲለካ ኖሯል፤ ጎርፍ ለሚያጥበው አፈር ናይትሮጅን መስጠት ከንቱ ድካም ነው። እርከኑ ላይ ትሪ ሉሰርን ይተከል። ብርድ የሚችል፣ ናይትሮጅን የሚሰበስብ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ለበግ ሲሆን የባቄላው ገለባ ለማሳው ሊተርፍ ይችላል፤ ግንዱ ሲነድ እበቱ ለማሳው ይቀራል። ናይትሮጅን የሚያመልጥባቸውን ሁለት በሮች የሚያጠብብ ሌላ ተክል በዚህ ከፍታ ላይ አላውቅም።

እንቅፋቱ በጉ ነው፤ ለጋ ችግኝ ካገኘ አይምርም። ልቅ ግጦሽን በስምምነት መከልከል ግን ለመንዝ እንግዳ አይደለም። ጓሳ የሚባለውን የጋራ ሣር ምድር ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ይከፍት የነበረው ይኸው ሕዝብ ነው። ያ ስምምነት የተሠራው ግን ለጋራ ሣር ነበር። እርከኑ የግል ማሳ ነውና ከአዝመራ በኋላ የማን በግ የት እንደሚውል ጎረቤት ከጎረቤት ገና መነጋገር አለበት።