አዳዲስ የኢንተርኔት ቅጥያዎች ሲበዙ ዶት ኢቲ ይረክሳል ወይ?

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ኮምፒውተር ቤት ከከፈቱ ወጣቶች፣ አንዳንዶቹም ቀድሞ ያስተማርናቸው ናቸው፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። «በዶት ኢቲ የሚያልቁ ጥሩ ጥሩ ስሞችን ይዘን ብናቆይ፣ ነገ ሆቴሉም አስጎብኚውም ሲፈልጋቸው አትርፈን እንሸጣለን። ግን በየጊዜው አዲስ ቅጥያ እየወጣ ነው ይባላል፤ ገንዘባችን አይቀልጥም ወይ?» ይላሉ።

ቅጥያ የምንለው የድረ ገጽ አድራሻ የመጨረሻውን ቁራጭ ነው። ዶት ኮም የማንም አገር አይደለም። ዶት ኢቲ ግን እ.ኤ.አ ከ1995 ጀምሮ የኢትዮጵያ ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አድራሻ በዶት ኢዱ ዶት ኢቲ የሚያልቀውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ በ2012 የኢንተርኔት ስሞችን የሚመራው ዓለም አቀፍ ተቋም አይካን በሩን ከፈተ። 185,000 ዶላር የከፈለ ድርጅት የራሱን ቅጥያ መጠየቅ ቻለ፤ 1,930 ማመልከቻም ገባ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ከጸደቁት አራት ቅጥያዎች አንዱ «ሸበካ» የሚለው የዐረብኛ ቃል በራሱ ፊደል የተጻፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ1,200 በላይ አዳዲስ ቅጥያዎች ተጨምረዋል። ሁለተኛው ዙር የተቀጠረው ለእ.ኤ.አ ኤፕሪል 2026 ሲሆን የማመልከቻው ክፍያም 227,000 ዶላር ሆኗል።

የገበያ ሕግ ዕቃ ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል ይላል። በስሞች ላይ ግን እንደዚያ አልሆነም። የጀርመኑ ዶት ዲኢ ከ17 ሚሊዮን በላይ ስሞች ይዞ ዛሬም ቆሟል። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ዶላር ገደማ ይሸጡና በሁለተኛው ዓመት ዋጋው ሲንር ባለቤቱ ይተዋቸዋል። አንጉዊላ የምትባለው የካሪቢያን ትንሽ ደሴት ደግሞ ከሁሉ ትገርማለች። የአገር ቅጥያዋ ዶት ኤአይ ስለሆነ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ተሻሙበት፤ እ.ኤ.አ በ2023 ብቻ ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር አስገባላት። ይህም ከመንግሥቷ ገቢ ከአምስት አንዱን ይበልጣል። አዲሶቹ ቅጥያዎች ከወጡ አሥር ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

በእኛ እይታ የአገር ቅጥያን የሚጥለው ከውጭ የመጣ ተወዳዳሪ ሳይሆን የራሱ ቤት ነው። የቶከላው ዶት ቲኬ በነጻ ሲታደል የአጭበርባሪዎች መደበቂያ ሆኖ ስሙ ጠፋ። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ ዶት ዋይዩም ተከተለ፤ እ.ኤ.አ በ2010 ከነጭራሹ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት የሊቢያ መዝጋቢ የሸሪዓን ሕግ ይጻረራል ያለውን አንድ ስም ከውጭ አገር ባለቤቱ ነጥቋል። የስሙ ይዘት ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ የአገር ቅጥያ የያዘ ሰው በዚያች አገር ሕግ ሥር መሆኑን ሁሉም ያኔ ተረዳ።

ዶት ኢቲስ? ዕድሉ ነበረው። ማርኬት፣ ቲኬት፣ በጀት፣ ፕላኔት የሚሉት ቃላት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ነው የሚያልቁት፤ የውጭ ገዢ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። ነገር ግን ስሙን ለማውጣት የንግድ ፈቃድና መሰል ማስረጃ እየተጠየቀ፣ እንደ ዶት ኮም በየትኛውም ሌሊት ከቤት ተቀምጦ የሚገዛና የሚሸጥ ነገር አልሆነም። ንግድ ባንክ ዶት ኢቲን ይጠቀማል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን የሚታወቀው በዶት ኮም ነው። ሁለተኛ ገዢ የሌለውን ነገር ኢንቨስትመንት ማለት ይከብደናል።

ዶት አፍሪካም የአገሮቹን ቅጥያ ይውጣል ተብሎ ነበር። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ የመሯት ድርጅትና የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የደገፈው የደቡብ አፍሪካ ተቋም ለዓመታት ተካሰሱበት፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ በ2017 በደቡብ አፍሪካው ተቋም እጅ ሥራ ጀመረ። ማንንም አልዋጠም፤ ከደቡብ አፍሪካው ዶት ዜድኤ ጋር እንኳ ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ገንዘብ ብቻውን የማይወስነውም አለ። አንድ መቀመጫው ቱርክ የሆነ ኩባንያ «ዶት ኢስላም» እና «ዶት ሐላል» የሚሉ ቅጥያዎችን ጠይቆ ነበር። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የመላው ሙስሊም ስም በአንድ የግል ኩባንያ እጅ አይገባም ብሎ ተቃወመ፤ አይካንም እ.ኤ.አ በ2018 ማመልከቻዎቹን ውድቅ አደረገ። እኛ ውሳኔውን ደግፈናል።

የእኛን ገበያ በእርግጥ ሊነካ የሚችለው አዲስ ቅጥያ በግእዝ ፊደል የሚጻፈው ነው። እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ ፊደላችን ለቅጥያ በሚፈቀዱ ፊደላት ደንብ ውስጥ ገብቷል። ያኔ ጥያቄው ሌላ ይሆናል፦ ሐላል፣ ሀላል፣ ሃላል ብለን የምንጽፈው አንድ ስም ነው ወይስ ሦስት? ሦስት ከሆነ ሁለቱን አጭበርባሪ ሊይዛቸው ነው።

ወደ ጠያቂዎቻችን እንመለስ። ጋፋትን ውሰዱ። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ስፍራ ስም ነውና አንድ ቀን የሚፈልገው አስጎብኚ አይጠፋም። ግን ስንት ገዢ? ምናልባት አንድ፤ እሱንም በየዓመቱ እየከፈሉ መጠበቅ ነው፤ ስሙ ኪራይ እንጂ ግዢ አይደለምና። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ በ1988 የንግድ ስም ዋጋ ያለው መብት ነው፣ ገረርና ማታለል እስከሌለበት ድረስም ይተላለፋል ብሏል። የሰውን ሆቴል ስም ቀድሞ ይዞ «ክፈለኝ» ማለት ግን ከዚህ ውስጥ የሚገባ አይመስለንም።

ለሚነግዱበት ሥራ አንድ ስም መያዝ ግን ተገቢ ነው፤ መድረሳም መስጂድም ቢኖረው እሰየው። እዚህ ላይ የምናየው ችግር ከቅጥያ ምርጫ ይበልጣል። ስሙን ብዙ ጊዜ የሚያስመዘግበው ድረ ገጹን የሠራው ልጅ ነው፣ በራሱ ኢሜይል። ልጁ ዐረብ አገር ይሄዳል። ወይም እ.ኤ.አ በኦገስት 2023 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት እንደተቋረጠው ይሆንና የማሳደሻው ማስታወቂያ ሳይነበብ ቀኑ ያልፋል። የእናንተ ጀመዓ ስም በማን ኢሜይል ነው የተመዘገበው? የሚታደስበትን ቀንስ ከእሱ ሌላ የሚያውቅ አለ?